ለጋሽ ሐዲስ አልነሣም

ሽማግሌው ሲገባ ያልተነሣ ሰው ወዮለት! ጋሽ ሐዲስ በሩ ላይ ይገተራል። ከዘራውን ምንጣፉ ላይ ይተክላል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ዓይኑን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያዞረ ማን በደንብ እንደተነሣ፣ ማን ደግሞ ለአመል ያህል ከወንበሩ ከፍ ብሎ መልሶ ዘፍ እንዳለ ይመረምራል። ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሞ "ኖር!" ካላለ አንዲት እርምጃ አይራመድም። ልቡ ሲደርስ "በእግዜር፣ ተቀመጡ" ይላል። ያኔ ሰው ሁሉ ይቀመጣል፤ እሱም ሻዩን ሊቀዳ ያልፋል።

በቀን አንዴ ቢሆን ማን ይጠላው ነበር? ትልቅ ሰው ነው፣ ይከበር። ጋሽ ሐዲስ ግን እግሩ አያርፍም። ሻዩን ይዞ ይወጣል፤ ፓርኪንጉ ላይ ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል፤ ስልክ ሲደወልለት እየጮኸ ይወጣል፤ አውርቶ ሲጨርስ ይገባል፤ ሽንት ቤት ደርሶ ይመጣል። በገባ ቁጥር ኖር! በገባ ቁጥር በእግዜር! ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ውስጥ፣ በጥርስ ሐኪምና በቤት ሻጮች ቢሮ መካከል፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሐበሻ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ሲል ይውላል።

ቢሮው የልጁ የናኦድ ነው። ናኦድ ከየክሊኒኩ የሚላክለትን የሕክምና ሂሳብ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች እያስገባ የሚኖር ሰው ነው። ሠራተኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒዩተር ላይ ተተክለው ክሌይም የሚሉትን የክፍያ ጥያቄ ይመታሉ፤ የበሽተኛው ስም፣ የልደት ቀን፣ የበሽታው ኮድ፣ የሐኪሙ ኮድ፣ ቀጥሎ ሌላ በሽተኛ። ጣት ከኪቦርዱ ላይ ዘግየት ካለ ሲስተሙ የሰውየውን ስም ናኦድ ስክሪን ላይ ቀይ ያደርገዋል። ቀይ የበዛበት ሰው ይጠራል። ሽማግሌው ሲገባ ግን የክፍሉ ሰው ስም ሁሉ አንድ ላይ ይቀላና ናኦድ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። "ለአባቴ ለምን ተነሣችሁ" ብሎ ሠራተኛ የሚቆጣ ሐበሻ ገና አልተወለደም።

ይኼ ነገር ከሁሉም አብልጦ ደሟን የሚያፈላው ጽጌወይንን ነበር።

ጽጌወይን ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ኖራ ጣቷ የተሳለ ሴት ናት። ዲቪ ደርሷት ቬጋስ ስትገባ መጀመሪያ የሆቴል አልጋ አነጠፈች። ወገቧ እንቢ ሲላት ናኦድ ዘንድ መጣች፤ ኪቦርድ ፊት ስትቀመጥ ቤቷ የገባች መሰላት። እጇን ሳታይ ነው የምትመታው፤ ወሬ እያወራች እንኳ አትሳሳትም። ዊትኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርትመንት ብቻዋን ትኖራለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ወድቃ የምትነሣበት ዘመድ የላት። ያላት ሁለት እጇ ነው፤ ያንንም ታውቃለች።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ሐዲስ ራሷ ላይ ቆሞ "አገር ቤት የት ነበር ሥራሽ?" ብሎ ጠየቃት።

"ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እተይብ ነበር።"

"እ! ከለማኞቹ ጎን!" አለና ሳቀ። ቀልድ መሆኑ ነው። ሌሎቹም የአለቃ አባት ነውና አብረው ሳቁ። ጽጌወይን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትነሣለት ጥርሷን ነክሳ ነው።

መስከረም ላይ ናኦድ ከመካከላቸው አንድ ሱፐርቫይዘር እንደሚመርጥ ተናገረ። ሥራው የሚሰጠው በፍጥነትም በጥራትም ለበለጠው ነው። ጽጌወይን ይኼን ወንበር ፈለገችው፤ አጥብቃ ፈለገችው። አንድ ቀን ሥራዋ ውስጥ ገብታ፣ ጣቷ ከስክሪኑ እኩል በሚሮጥበት ሰዓት፣ ከዘራው ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ።

ሁሉም ተነሣ። እሷ መምታቷን ቀጠለች።

ጋሽ ሐዲስ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ማነው የማይነሣው?" አለ፣ ማን እንደሆነ እያየ።

"እጄ ሥራ ይዟል፣ ጋሽ ሐዲስ" አለች ዓይኗን ሳታነሣ። "እርስዎ በገቡ ቁጥር ስማችን ይቀላል። ለእርስዎ ተነሥተን ለልጅዎ መልስ እንሰጣለን።"

"ተነሺ።"

"አልነሣም።"

ናኦድ ከቢሮው ብቅ ብሎ "አባዬ፣ ፕሊስ" ማለት ሲጀምር ጽጌወይን ወንበሯን ወደሱ አዞረች። "ናኦድ፣ አንዱን ምረጥ። ወይ ሲስተሙን አጥፋልን፣ ወይ አባትህን ቤት አስቀምጥልን።" ሌላው ሰው ሁሉ የልቡን ተናግራለት ነበርና የሚቃወማት ጠፋ። ናኦድ ወለሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አባቱን በክርኑ ያዘና በቀስታ ወደ በሩ መራው።

ጋሽ ሐዲስ በሩ ላይ ክንዱን አስለቀቀ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ከዘራውን አንሥቶ ወደ ኪቦርዱ አመለከተ። "ይኼ የምትኮሪበት እጅሽ ይድረቅ!"

"ኧረ በስመ አብ!" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሽማግሌው ሄደ።

አቤት ከዚያ በኋላ የነበረው ጸጥታ! ሰው ጠዋት ከተቀመጠበት ለምሳ ብቻ ይነሣል፤ ኋላ ኋላ ለምሳም መነሣት ቀረ። ጽጌወይን ሱፐርቫይዘር ሆነች። በግራ እጇ እየጎረሰች በቀኟ ትመታለች። ሥራው ተቀላጠፈ፤ የሚቀላ ስም ጠፋ፤ ናኦድም ፒዛ ገዛላቸው። ከእሷ ጎን የምትቀመጠው ልዕልት፣ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ፣ አንገቷን እያሸች ስክሪኗን ካርቶን ላይ ሰቀለች። አንድ ቀን ወደ ጽጌወይን እጅ አየችና "ጽጌዬ፣ እጅሽ ወደ ላይ ታጥፏል እኮ" አለቻት። "ዴስኩ ሃይ ነው። ኪቦርዱን ዝቅ አድርጊው፣ ማውሱንም ቀረብ አድርጊው። ብሬክ ውሰጂ ደግሞ።"

"አንቺ ሳትወለጂ ነው የተየብኩት" አለቻት ጽጌወይን። "መተየብ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

ልዕልት ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ስክሪኗ ዞረች።

የገና በዓል ሲቃረብ የጽጌወይን ቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሁለቱ ተከታዮቹ መንዘር ጀመሩ። ጠዋት ስትነቃ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታገኘዋለች፤ እያራገፈች፣ እያሸች ነፍስ ትዘራበታለች። ከዚያ ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ከዚያ የቡና ሲኒ ከእጇ አምልጦ ሲወድቅ፣ መውደቁን በጆሮዋ ሰማች እንጂ በጣቷ አልተሰማትም። ሲኒው ወለሉ ላይ ደቅቆ እያየችው የሽማግሌው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ይድረቅ ነበር ያላት። ደረቀ!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሌላ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል። የተረገመ ሰው ግን ምን ብሎ ይሄዳል? ጽጌወይን እርግማኑ ለማንም እንዳይሰማ እጇን ሹራብ ውስጥ ደበቀች። ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ እያመጣች እጇን ትነክራለች፤ ያንኑ እጅ ጠርጋ ደግሞ ኪቦርድ ላይ ትመልሰዋለች። ጸበሉ ምን ያድርጋት? ጠዋት ያራሰችውን ቀኑን ሙሉ ትቀጠቅጠዋለች።

ጸበሉ አልሆን ሲል ወጌሻ ዘንድ ሄደች። አዎ፣ ቬጋስም ወጌሻ አለ! ማኑ ይባላል፤ ሥራው ሊሞዚን መንዳት ነው፤ አባቱ ወጌሻ ስለነበሩ እሱም ጋራዡ ውስጥ የተወለቀ ያስገባል። እጇን በቫዝሊን አሸት አሸት አደረገና "ዞሯል! አጥንቱ ከቦታው ዞሯል" አለ። ያልዞረውን አጥንት ሊመልስ አንጓዋን ይዞ ሳበው። ጽጌወይን ጋራዡ እስኪናጋ ጮኸች። ማኑም "እሰይ፣ ገባ" አላት። በነጋታው እጇ አብጦ ማንኪያ አልይዝ አለ።

ይኼን ጊዜ ልዕልት ሹራቡን ገልጣ አየችና ጮኸች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ሐኪሙ ብዙ አላወራም። አንጓዋ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል፤ የመጣው ደግሞ ሳያርፉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ከመደጋገም ነው አለ። "እስከ ሰኔ ለውጥ ካላየን ኦፕራሲዮን ነው። ያኔም ቢሆን የድሮው እጅሽ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም።" ጽጌወይን የሰማችው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። የድሮ እጇ ካልተመለሰ እሷ ማን ናት? አልጋ ማንጠፍ አትችል፣ መተየብ አትችል።

እጇ ላይ ማሰሪያ አደረጉላትና እጅ እያሠራች ወደምታክም ቴራፒስት ላኳት። ቴራፒስቷ ሳቂታ ፊሊፒናዊት ናት፤ ግን ምሕረት የላትም። አንጓሽ አይታጠፍ፣ ክርንሽ ከጎንሽ አይራቅ፣ ቁልፉን አትደብድቢው፣ ዳበስ አድርጊው እንጂ፣ እያለች ልክ እንደ ሕፃን አስቀመጠቻት። በየመሐሉ ተነሺ፣ ክንድሽን ወደ ታች ልቀቂው፣ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ክፈቺ። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። "ይኼን ሥራ ዓመታት ሠርተሻል። እስከ ዛሬ እንዴት አልታመምሽም? በቅርቡ ምን ተለወጠ?"

"ምንም" አለች ጽጌወይን። "ወንበሩ ያው፣ ጠረጴዛው ያው።"

"እስኪ አስቢ። የሆነ ነገር አለ።"

ጽጌወይን አሰበች። "አንድ ሽማግሌ ቀረ።"

"ምን የሚሠራ ሽማግሌ?"

"ምንም አይሠራም። ይገባል፤ ስንነሣለት ቆሞ ያየናል፤ ተቀመጡ ይለናል፤ ደግሞ ወጥቶ ይገባል። ቀኑን ሙሉ።"

ቴራፒስቷ ከት ብላ ሳቀች። "የኔ እመቤት፣ እኔ ገንዘብ ተከፍሎኝ የማዝዘውን እኮ ነው በነፃ ሲያሠራችሁ የኖረው! ሄደሽ መልሽው።"

ጽጌወይን አልሳቀችም። ሲመለሱ ልዕልት መኪናውን ስትነዳ፣ እሷ በመስኮት እያየች አንድ ነገር ብቻ ታሰላስላለች። እርግማኑ አይደለም። እጇን ያደረቀው የሰውየው አፍ ሳይሆን የሰውየው መቅረት ነው፤ እሱን ያስቀረችው ደግሞ ራሷ ናት። ይኼ ከእርግማኑ ይልቅ አንገበገባት።

መጀመሪያ ራሷ ሞከረች፤ ለዚያ ሽማግሌ አፏን ከመክፈት ሞት ይሻላታል። ስልኳ ላይ አላርም ሞላች። አላርሙ ሲጮህ "ይቺን ጨርሼ" ትላለች፤ ያቺን ስትጨርስ ሌላዋ ተከፍታለች፤ በግራ እጇ አላርሙን ዝም ታሰኘዋለች። ተነሥታ የቆመች እንደሆነ ደግሞ ስሟ ይቀላል። ናኦድ ጠራትና "አንቺ ሱፐርቫይዘር ሆነሽ?" አላት። የሐኪሙን ወረቀት አሳየችው። አንብቦ በጣም አዘነ፤ እውነቱን ለመናገር ክፉ ልጅ አይደለም። "ኦኬ፣ ወረቀቱን ሪስፔክት አደርጋለሁ" አላት። "ግን ከታይፒንግ ላንሣሽና ስልክ ላይ ላድርግሽ።" በእሷ እንግሊዝኛ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ስትጨቃጨቅ ልትውል! በሳምንቱ ራሷ ለቅቃ እንደምትሄድ እሱም እሷም ያውቃሉ። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አጠፈችው።

ቅዳሜ ናኦድ ቤት ሄደች። ጋሽ ሐዲስ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ቴሌቪዥን ያያል። እንግዳ ሲገባ አልተነሣም፤ ተቀመጪም አላላትም።

"ኖር ይበሉኝ ብዬ አልመጣሁም፣ ጋሽ ሐዲስ" አለች ቆማ። "አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝና ይመለሱልን። ቢሮው ያለ ትልቅ ሰው ባዶ ሆኗል።"

እሱ ግን የሚያየው ፊቷን አልነበረም። ከሹራቧ ሥር ብቅ ያለውን ማሰሪያ ነው። "እጅሽን ምን ሆነሽ?"

"ታመመ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እርስዎ ከሄዱ ወዲህ።"

ውሸት አልተናገረችም። ጋሽ ሐዲስ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። ወይ ጉድ፣ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል! "እግዜር አለ" አለ። "እግዜርማ አለ! እመጣለሁ፣ ምን ከፋኝ። ያንን እጅ በየቀኑ እያየሁ ሻዬን እጠጣለሁ።"

ጽጌወይን እጅ ነሥታ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ የማታውቀውን ስድብ ሁሉ ፈጥራ ሰደበችው።

ሰኞ ከዘራው ዱብ አለ። "ኖር!" አለ ክፍሉ፤ ጽጌወይንም ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሽ ሐዲስ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ለሌሎቹ በመዳፉ ምልክት ሰጠ። "በእግዜር፣ እናንተ ተቀመጡ።" እናንተ የምትለዋን ጫን አድርጎ ነው ያላት። ለእሷ ተቀመጪ የሚል ቃል አልወጣውም። ሻዩን ቀዳ፣ ስኳሩን በቀስታ አማሰለ፣ ቀመሰ፣ ደግሞ አማሰለ። እሷ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማለች። ልቡ ሲረካ "በይ" አላትና ወጣ።

ከዚያ በኋላ በገባ ቁጥር ይኸው ሆነ። ልዕልት ተንጨረጨረች። "ይኼ አቢዩዝ ነው! ሪፖርት አደርገዋለሁ!"

"ዝም በይ" አለቻት ጽጌወይን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "እጄን እይ።"

ልዕልት አየች። ጽጌወይን ከጀርባዋ እጆቿን ለቃ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሽማግሌው በቀጣት ቁጥር ቴራፒስቷ ያዘዘችውን ትሠራለች፤ ስሟ ቢቀላም አባቱ ያቆማትን ሴት ናኦድ ምን ይላታል? ልዕልት አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቋን አፈነች።

ችግሩ ፊቷ ነው። ፊቷ ካልጠቆረ ነገሩ አይሠራም። አንድ ቀን አውራ ጣቷ ሹራቧን ሲነካ ክሩ ተሰማት። ከወራት በኋላ ክር ተሰማት! ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ጋሽ ሐዲስ ወዲያው "ተቀመጪ" ብሎ ወጣ፤ እሷ ደስ ካላት እሱን ምን ሊጥመው? ከዚያ ወዲያ በሩ ሲከፈት ልደታን ታስታውሳለች፣ "ከለማኞቹ ጎን" ያላትን ታስታውሳለች፣ ፊቷም ያለ ምንም ድካም ይጠቁራል። እሱ እሷን ጠላት፣ እሷም እሱን ጠላችው። እጇም እያገገመ ሄደ። ቴራፒስቷ እየጨበጠች፣ እየወጋች ፈተሸቻትና "እየተሻለሽ ነው" አለቻት። "አሁን ካቋረጥሽ ግን የለፋሽበት ሁሉ ገደል ይገባል።"

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሰሞን ጋሽ ሐዲስ አንድ ጠዋት ከዘራውን ሳይተክል ገባ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ሰዉ ሊነሣ ሲል "ተዉ፣ ተዉ፣ አትነሡ" አለ። ቀጥ ብሎ ወደ ጽጌወይን ጠረጴዛ መጣ። ቅርብ ሆኖ ሲታይ አገጩ ያልተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ፣ የደከመ ሽማግሌ ነው።

"ልጄ" አላት። እንዲህ ብሏት አያውቅም። "እጅሽን የረገምኩት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፤ እንደዚያን ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ሰው የሚያድረው በእጁ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሌላ የለሽም። ይኸው እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። ማሪኝ።" ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረ። "ከእንግዲህ ለእኔ ማንም አይነሣ። ሰውን እያስቸገርኩ ነው። ከነገ ጀምሮ ቤቴ እቀመጣለሁ።" መልሶ ወደ እሷ ዞሮ ማሰሪያ ያለበትን እጅ ሊስም ሁለት እጁን ዘረጋ።

ናኦድ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያብሳል።

ጽጌወይን የተዘረጉትን እጆች አየች። ያንን እጅ ታሞ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ይዞ የሳመላት ሰው አልነበረም። እዚህ አገር ከገባች ወዲህ ልጄ ያላትም የለም። ዕንባዋ መጣ፤ ቁጣዋ ሁሉ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ተነሥታ አንገቱ ላይ ልትጠመጠም ምንም አልቀራት።

"ንገሪው እንጂ" አለች ልዕልት በሹክሹክታ።

ምን ብላ ትንገረው? እርግማንዎ አልያዘም፣ እርስዎ ለእጄ ስፖርት ነዎት ልትለው? መከበሬ ነው ብሎ የኖረው ሁሉ ጂም እንደነበረ ሊሰማ? ያን ከሰማ እዚህ በር ድርሽ አይልም። ይቅር ካለችውም ነገ ቤቱ ይቀመጣል። ነገ ማን ያስነሣታል? አላርሙ? ራሷን አታውቃትም እንዴ! በወሩ እጇ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ኦፕራሲዮን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅ። ይቅርታው ወይም እጇ። ሁለቱ አብረው አይሆኑም።

እጇን ሰብስባ ከእቅፏ ውስጥ ከተተች።

"እርግማንዎን ይዘው ይሂዱ" አለች ጮክ ብላ። "እርስዎን ደግሞ ማን ይሰማዎታል? እግዜር ሥራ ፈቶ የእርስዎን አፍ ሊጠብቅ? እሰይ፣ ቤትዎ ይቀመጡ፤ ልጅዎም ያርፋል፣ እኛም እናርፋለን።"

"ጽጌወይን!" አለ ናኦድ።

አላቆመችም። የመጨረሻዋን አስቀርታ ነበር፤ ስትወጣ ለራሷም መረረቻት። "ለማኝ ብለውኝ ነበር አይደል? ለማኝስ እርስዎ ነዎት፤ በየቀኑ ብድግ በሉልኝ እያሉ በየጠረጴዛው የሚለምኑ።"

የጋሽ ሐዲስ እጆች እንደተዘረጉ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተሰበሰቡ። ባርኔጣውን አጠለቀ። ወገቡ ቀና አለ፤ ዐመድ የመሰለው ፊቱ ደም መላበት፤ ያ የምታውቀው ጠላቷ ከደከመው ሽማግሌ ውስጥ ተመልሶ ብቅ አለ።

"ተነሺ!"

ጽጌወይን ተነሣች።

"ቤቴ እንድቀመጥልሽ ነው? እንድታርፊ? ነገም እመጣለሁ! ከነገ ወዲያም እመጣለሁ! እስክሞት እመጣለሁ፤ በመጣሁ ቁጥርም እንዲህ ትቆሚልኛለሽ!" ፊቱን ወደ ሌሎቹ አዞረ፤ እነሱ በድንጋጤ ሁሉም ቆመዋል። "በእግዜር፣ እናንተ ተቀመጡ።"

ወንበሮቹ ሁሉ ሲጢጥ አሉ። ናኦድ ሊያያት ስላልፈለገ ቢሮውን ዘጋ። ጋሽ ሐዲስ ጀርባውን ሰጥቷት ሻዩን መቅዳት ጀመረ፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ጽጌወይን ቆማለች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከጀርባዋ ማሰሪያውን ፈታችና ክንዷን ወደ ታች ለቀቀችው። አውራ ጣቷን ከፈተች። ቀጥሎ ሌባ ጣቷን። ቀጥሎ የመሐሉን። ሙቀት ሲገባባቸው አንድ በአንድ ተሰሟት፤ ልዕልት ከወንበሯ ሆና ያንን እጅ ታያለች፤ ስታየውም አትስቅም።